ሚሽራቅ፦ አንድ ወር ሙሉ የነደደ ድኝ

ሰኔ 17 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁን 24 ቀን 2003 መሆኑ ነው፣ ከኢራቋ ሞሱል ከተማ በስተደቡብ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በጤግሮስ ወንዝ ዳር በሚገኘው የሚሽራቅ የድኝ ማምረቻ እሳት ተነሳ። የሳዳም ሁሴን መንግሥት ከወደቀ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። እሳቱ ሆን ተብሎ እንደተለኮሰ ነው የሚታመነው። አንድ ወር ገደማ ነደደ።

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የድኝን ባሕርያት ሰሌዳ ላይ ስደረድር፣ የሚቀልጥበትን፣ የሚፈላበትን፣ ሲነድ የሚሰጠውን ጋዝ ስጽፍ፣ ተማሪዎቼ ለፈተና ያህል ይገለብጡትና ይረሱታል። ሚሽራቅን ስነግራቸው ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። እዚያ የሆነው ነገር በሙሉ፣ ከእሳቱ አካሄድ አንስቶ ዓመታት ቆይቶ በወታደሮች ሳንባ ውስጥ እስከተገኘው ጠባሳ ድረስ፣ ከዚያ ሰሌዳ ላይ ካለው ዝርዝር ሊነበብ ይችላል። ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ስለ ስሙ ትንሽ ልበል። ቦታው በአረብኛ ኪብሪት አል ሚሽራቅ ይባላል። ኪብሪት በአረብኛ ድኝ ማለት ነው። እኛ ክብሪት የምንላት ስንጥር ስሟን የወረሰችው ከዚያው ቃል ነው። ክብሪት ስንጭር አፍንጫ ቆንጠጥ የሚያደርገው ሽታም ከሚሽራቅ ለአንድ ወር ሲትጎለጎል ከነበረው ጋር አንድ ከሆነ ጋዝ የመጣ ነው፤ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ። መጽሐፍ ቅዱሳችን ዲን ይለዋል፤ በሰዶምና በገሞራ ላይ እሳትና ዲን ዘነበ ሲል ይህንኑ ነው። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ሰልፈር ይለዋል፣ እናቶቻችን ለእከክ ሲፈልጉት ድኝ ይሉታል። እኔም ድኝ ብዬ እቀጥላለሁ።

የሚሽራቅ ድኝ የእሳተ ገሞራ ድኝ አይደለም። የእኛ የዳሎል ድኝ ከሥር በሚመጣ ትኩስ ውኃና ጋዝ ላዩ ላይ የተከማቸ ነው። የሚሽራቁ ግን ከመሬት በታች ባክቴሪያዎች ጂፕሰምንና ነዳጅን እየበሉ በረጅም ዘመን ያዘጋጁት፣ በዓለም ካሉት ታላላቅ የተፈጥሮ ድኝ ክምችቶች አንዱ ነው። የሚወጣውም በዶማና በአካፋ አይደለም። ትውልደ ጀርመናዊው ሄርማን ፍራሽ በ1890ዎቹ አሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ የፈጠረው ዘዴ አለ። አንዱ በአንዱ ውስጥ የገቡ ሦስት ቧንቧዎች ወደ መሬት ይወርዳሉ፤ በአንዱ በከፍተኛ ግፊት 165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ የጋለ ውኃ ይወርዳል፣ ድኙን እዚያው ያቀልጠዋል፣ በሌላው የታመቀ አየር ይገባል፣ በሦስተኛው አረፋማ ቅልጥ ድኝ ይወጣል። ድኝ 115 ዲግሪ አካባቢ ባይቀልጥ ኖሮ ይህ ዘዴ አይታሰብም ነበር፤ ብረት በሙቅ ውኃ አይቀለጥም። የወጣው ፈሳሽ በሰፊ ሜዳ ላይ ይፈስሳል፣ ይረጋል፣ በላዩ ሌላ ይጨመርበታል፣ እንዲህ እያለ ቢጫ ተራራ ይሆናል።

ለምን ይህን ያህል ድኝ ይፈለጋል? በዓለም ከሚመረተው ድኝ አብዛኛው ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል፣ ከአሲዱ ደግሞ ትልቁ ድርሻ ፎስፌት ማዳበሪያ ለመሥራት ይውላል። አገራችን ከዳፕ ወደ ኤንፒኤስ ማዳበሪያ የተሸጋገረችውም የአፈር ጥናቱ ብዙ ቦታ ላይ የድኝ እጥረት ስላሳየ ነው። በኤንፒኤስ ውስጥ ያለችው ኤስ ድኝ ናት። ያ ቢጫ ተራራ እንግዲህ የእህል ጉዳይ ነው።

ተራራው ሜዳ ላይ የሚቀመጥበትም ምክንያት አለው። ድኝ ሲታይ ገራም ነው። ውኃ አያሟሟውም፣ ዝናብ ቢዘንብበት አይሄድም። በተራ ሙቀት ከአየር ጋር ምንም አይሠራም፤ አይዝግም፣ አይበሰብስም፣ ንጹሑ ድኝ ሽታ እንኳ የለውም ማለት ይቻላል። አንድ ጓል ድኝ በመዳፍ ጨብጠው ወደ ጆሮ ቢያስጠጉት ግን ቀስ ያለ ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ ይሰማሉ። የእጅ ሙቀት ነው እየሰነጠቀው ያለው። ድኝ ሙቀት ስለማያስተላልፍ መዳፍ የነካው ገጽ ሲሞቅና ሲለጠጥ ውስጡ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቀራል፣ በመሃል ይሰነጠቃል። ለተማሪ የማስጨብጠው ይህችን ጓል ነው፤ ምክንያቱም ሙቀት አለማስተላለፉ በሚሽራቅ ትልቅ ነገር ሆኗል። ክምሩ አንድ ቦታ ላይ ሲግል ሙቀቱ ወደ ጎን ተበትኖ አይጠፋም፣ ባለበት ይከማቻል። የድኝ ብናኝ ደግሞ ኤሌክትሪክም ስለማያስተላልፍ በመፋተግ የሚፈጠረውን ቻርጅ ይዞ ይቆያል፣ አየር ላይ ከተበተነ በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል።

አሁን ወደ ሙከራ ቱቦው። ጥቂት የድኝ ዱቄት ቱቦ ውስጥ አድርጌ በአልኮል መብራት ላይ ቀስ እያልኩ አሞቀዋለሁ። መጀመሪያ ይቀልጣል፤ ጠራ ያለ፣ ማር የመሰለ ቀጭን ፈሳሽ ይሆናል፣ ቱቦውን ሲያዘነብሉት እንደ ውኃ ይንቀሳቀሳል። ስምንት ስምንት አተሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሠሯቸው ቀለበቶች ናቸው አንዱ በአንዱ ላይ እየተንሸራተቱ ያሉት። 159 ዲግሪ ሲያልፍ ነገሩ ይለወጣል። ቀለሙ ይጠቁራል፣ ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል፣ ፈሳሹም ይወፍራል። ቀለበቶቹ ተበጥሰው እርስ በርስ እየተቀጣጠሉ ረጅም ሰንሰለት ሆነዋል፣ ሰንሰለቶቹም ተጠላልፈዋል። 190 ዲግሪ ገደማ ላይ ውፍረቱ ከ10 ሺ እጥፍ በላይ ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ቱቦውን አፉን ወደታች ብደፋው ጠብ የሚል ነገር የለም። ተማሪዎቹ ማመን የሚያቅታቸው እዚህ ላይ ነው፤ እስካሁን የሚያውቁት ነገር ሁሉ ሲሞቅ ይቀጥናል። ቅቤ እንኳ ሲሞቅ ይቀጥን የለም እንዴ ብለው ይጠይቁኛል። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ሰንሰለቶቹ ይበጣጠሱና እንደገና ይቀጥናል፣ በ444 ዲግሪ ይፈላል። ሊፈላ ሲቃረብ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ባፈስሰው እንደ ማስቲካ የሚሳብ ቡናማ ነገር ይሆናል። ተማሪ ጎትቶ ይስቃል። ከጥቂት ቀን በኋላ ሲያየው ቢጫና ተሰባሪ ሆኖ ያገኘዋል፤ ሰንሰለቱ ወደ ቀለበትነቱ ተመልሷል።

ይህን ቱቦ በሐሳብ ወደ ተራራ ያሳድጉት። ድኝ እሳት የሚይዘው ከ230 እስከ 260 ዲግሪ ባለው ሙቀት አካባቢ ነው፤ ከእንጨት ያነሰ ነው። የነደደው ገጽ ከሥሩ ያለውን ያቀልጣል። የቀለጠው፣ ገና 160 ዲግሪ ካልደረሰ፣ እንደ ውኃ ነው፤ ከክምሩ እየወረደ፣ እሳቱን በጀርባው ተሸክሞ ዝቅ ወዳለው ቦታ ይሄዳል። የእንጨት ክምር ሲቃጠል እሳቱ ወደ ማገዶው ይሄዳል፣ የድኝ ክምር ሲቃጠል ግን ማገዶው ራሱ ይሄዳል። የሚፈስሰው ድኝ ላዩ ሲቀዘቅዝ ቅርፊት ይሠራል። ሙቀት አያስተላልፍምና ከቅርፊቱ በታች ያለው ለቀናት ቅልጥ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ጠፋ የተባለ ቦታ ዳግም የሚነሳው በዚህ ነው። ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ አይታይም ማለት ይቻላል። የሚታየው ጭሱ ነው፣ እሱም ነጭ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ አለ፣ ከጉዳዩ ሁሉ እኔን የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው። ድኝ ሲነድ አንድ የድኝ አተም ሁለት የኦክስጅን አተሞችን ይይዛል። የድኝ አተም ክብደት 32፣ የኦክስጅን 16። ሁለት ኦክስጅን እንደገና 32። ስለዚህ የነደደ ድኝ ክብደቱን እጥፍ ያደርጋል፤ አንድ ኩንታል ድኝ ሁለት ኩንታል መርዛማ ጋዝ ይሆናል። አመድ የለውም፣ ንጹሕ ድኝ ሲነድ መሬት ላይ የሚቀር ነገር የለም። እንጨት ሲነድ ዓይናችን አመዱን አይቶ ይረካል። የሚሽራቅ ተራራ እየቀነሰ ሲሄድ ግን ሁሉም፣ በእጥፍ ሆኖ፣ አየር ላይ ነበር።

ስንት ነበር? የናሳ ንብረት የሆነች፣ ቶምስ የተባለ መሣሪያ የተገጠመላት ሳተላይት ከላይ ሆና ለካችው። ሳይንቲስቶቹ ከሳተላይቷ መረጃ ተነሥተው ያወጡት ግምት በጠቅላላው 600 ሺ ቶን ገደማ፣ በቀን በአማካይ 21 ሺ ቶን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። በሒሳባችን ስንመልሰው 300 ሺ ቶን ድኝ ነደደ ማለት ነው። በ2003 ዓ.ም. (በ2011 እ.ኤ.አ.) ሰኔ ወር ኤርትራ ውስጥ፣ ከአፋር ድንበራችን አጠገብ፣ የነብሮ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ የዚህን ጋዝ ተፍቷል። ያ የምድር ሆድ ያወጣው ነው። በሚሽራቅ የሰው እጅ የለኮሰው እሳት ከዚያ ጋር በአንድ ሚዛን የሚመዘን ነገር ሠራ። ከእሳተ ገሞራ ውጪ በሰው እጅ በአንድ ቦታ ከተከሰቱት ከተለኩ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ልቀቶች ትልቁ ተብሏል።

ከእሳተ ገሞራው የሚለይበት ነገር አለ፣ እሱ ነው የከፋው። እሳተ ገሞራ ጋዙን ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ይወረውረዋል። ድኝ ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት ግን ጥቂት ነው፤ ኪሎ ለኪሎ ከከሰል ሲሶ አይበልጥም። ጭሱን ሽቅብ የሚገፋበት ጉልበት ያንሰዋል። ጋዙ ራሱ ደግሞ ከአየር ከሁለት እጥፍ በላይ ይከብዳል። ቀን በፀሐይ ሙቀት ከፍ ብሎ ሊበተን ይችላል፣ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝና ሲረጋ ግን ዝቅ ብሎ ሸለቆ ለሸለቆ ይሄዳል። የጤግሮስ ዳር ሰው የሚኖረው እዚያው ዝቅታው ላይ ነው። ተክሉም እዚያው ነው። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በቅጠል መተንፈሻ ቀዳዳ ይገባል፣ አረንጓዴውን ያነጣዋል። እርጥበት ባገኘ ጊዜ ቀስ በቀስ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። ፋብሪካ ውስጥ በምድጃና በካታሊስት (ሂደቱን በሚያፋጥን ንጥረ ነገር) ተሠርቶ ለማዳበሪያ የሚውለው አሲድ እዚህ በነፋስ ላይ ተሠርቶ በማሳ ላይ ወረደ።

እሳቱን ለማጥፋት ከኢራቃውያን ጋር የአሜሪካ 101ኛ አየር ወለድ ክፍለ ጦር ወታደሮች ገቡ። ድኝ ከውኃ ጋር አይጣላም፤ እንደ ሶዲየም አይፈነዳም። ውኃ ያጠፋዋል፣ ግን አረጫጨቱ ነው ቁም ነገሩ። በጠንካራ ግፊት የተለቀቀ ውኃ ብናኙን አንሥቶ አየር ላይ ይበትነዋል፣ ቅልጡን ይረጨዋል፤ ከቅልጡ ሥር የገባ ውኃም በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ያፈነዳዋል። የሚያስፈልገው እንደ ጉም የረቀቀ ርጭት ነው፣ በእርጋታ የሚያቀዘቅዝ። አሸዋና አፈር አልብሶ አየር መከልከልም ይሠራል። ሁለቱም ዘዴዎች ግን ሰውን እሳቱ አጠገብ ለረጅም ሰዓት ያቆሙታል። ወር የፈጀውም ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አጠገቡ የቆመ ሰው ምን ይተነፍስ ነበር? ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ቀለም የለውም። ያ ነጭ ጭስ ከአሲድ ጠብታና ከድኝ እንፋሎት የተሠራ ነው፤ ጭሱ ሳሳ ባለበትም ጋዙ ሊኖር ይችላል። አፍንጫ በአየር ውስጥ ከሚሊዮን አንድ እጅ ሲሆን ያውቀዋል። ከሚሊዮን 100 እጅ ሲደርስ በሙያ ጤና መለኪያ ሕይወትን ወዲያው አደጋ ላይ የሚጥል ይባላል። የአሜሪካ ጦር ራሱ በቃጠሎው ጊዜ የወሰዳቸው የአየር ናሙናዎች ለሰው መርዛማ የሆነ መጠን አሳይተዋል።

ጋዙ በውኃ ውስጥ በጣም የሚሟሟ ነው፣ ይህ ባሕርይ ነገሩን ሁሉ ይወስናል። በእርጋታ በአፍንጫው የሚተነፍስ ሰው ከሆነ የአፍንጫና የጉሮሮ እርጥበት አብዛኛውን ጋዝ እዚያው ያሟሟዋል፤ ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ያስለቅሳል፣ ሰውየውም ይሸሻል። አካፋ ይዞ በኢራቅ የበጋ ሙቀት የሚታገል ሰው ግን በአፉ ነው የሚተነፍሰው፣ በኃይል ነው የሚተነፍሰው። የአፍንጫው ማጣሪያ ተዘለለ ማለት ነው። የአሲድ ጠብታዎችና ብናኞች ደግሞ ጋዙ ብቻውን የማይደርስበት፣ ከሁለት ሚሊ ሜትር ወደሚያንሱት ደቃቅ የሳንባ ቧንቧዎች ድረስ ተሸክመውት ይገባሉ።

ወታደሮቹ አገራቸው ከገቡ በኋላ አንዳንዶቹ መሮጥ አቃታቸው። ከዘመቻው በፊት ብርቱ አትሌት የሚባሉ ነበሩ፣ አሁን ግን ጦሩ የሚጠይቃትን የሁለት ማይል ሩጫ መጨረስ፣ ደረጃ መውጣት እንኳ ያደክማቸው ጀመር። ራጅ ተነሡ፣ ሲቲ ስካን ተነሡ፣ ትንፋሻቸው ተለካ፤ የአብዛኞቹ ውጤት ደህና ነው የሚል ነበር። ደህና ተብሎ የሚመለስ ግን ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው ምን እንደሚሰማው ማሰብ ይከብደኛል። ቴኔሲ ውስጥ ባለው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የሳንባ ሐኪሙ ሮበርት ሚለርና ባልደረቦቹ ግን እዚያ አላቆሙም። ከመረመሯቸው 80 ወታደሮች ውስጥ ከ49ኙ ሳንባ በቀዶ ሕክምና ናሙና ወሰዱ። በ38ቱ ኮንስትሪክቲቭ ብሮንኪዮላይትስ የተባለ በሽታ አገኙ፤ ደቃቆቹ ቧንቧዎች ከግድግዳቸው በጠባሳ ተወፍረው መተላለፊያው የጠበበበት፣ ለመመለስ የሚያስቸግር በሽታ ነው። ከ38ቱ 28ቱ ለሚሽራቅ ጭስ የተጋለጡ ነበሩ። ጥናቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጣ።

ራጁ ለምን አላየውም? ቧንቧዎቹ እጅግ ደቃቅና እጅግ ብዙ ናቸው፤ በርካቶቹ ጠብበው እንኳ ጠቅላላው የትንፋሽ ልኬት ከመደበኛው ሳይወጣ ሊቆይ ይችላል።

ክርክር አልጠፋም። በእሳቱ አካባቢ የነበሩ ወታደሮችን የሕክምና መዝገብ ከሌሎች ጋር ያነጻጸረ ሌላ ጥናት፣ ወታደሮቹ ራሳቸው የትንፋሽ ችግር እንዳለባቸው ቢናገሩም፣ ወደ ሕክምና በመመላለስ ረገድ የጎላ ልዩነት አላገኘም። ኢራቅ ውስጥ አሸዋውም፣ ሜዳ ላይ የሚቃጠለው ቆሻሻም አለና ጥፋቱን ሁሉ ለድኙ መስጠት አይቻልም። የእኔ ሚዛን ግን ወደ ናሙናው ያደላል። መዝገብ የሚቆጥረው ስንት ጊዜ ሐኪም ቤት እንደተሄደ ነው፤ ናሙናው የቧንቧውን ግድግዳ አይቷል። ኬሚስትሪውም ከዚያ ጋር ይስማማል።

ያው ክምችት ዳግም ነደደ። በኦክቶበር 2016 እ.ኤ.አ. የኢራቅ ጦር ሞሱልን ለማስለቀቅ ሲገፋ ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ሚሽራቅን አቃጠለ። በአንድ ሳምንት ገደማ 161 ሺ ቶን ያህል ጋዝ እንደወጣ የስዊድን ተመራማሪዎች አስልተዋል። በዜና እንደተዘገበው ሁለት ሲቪሎች ሞቱ፣ ወደ አንድ ሺ የሚጠጉ ሰዎች ትንፋሽ አጥሯቸው ታከሙ። በአቅራቢያው ቀያራ የነዳጅ ጉድጓዶችም እየነደዱ ነበር። በወቅቱ የተነሣውን የሳተላይት ፎቶ ለተማሪዎቼ አሳያለሁ፤ ሁለት ጭሶች ጎን ለጎን ተጋድመዋል፣ አንዱ የነዳጅ፣ ጥቁር፣ ሌላው የድኝ፣ ነጭ እንደ ደመና። የቱን ትሸሻላችሁ ስላቸው ብዙው ጣት ወደ ጥቁሩ ይጠቁማል። ያኔ በቀያራ ሰፈር የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች ነፋሱ ወደእነሱ ሲዞር ጭምብላቸውን አጠለቁ።

በኦገስት 2022 እ.ኤ.አ. ከዘመቻ የተመለሱ ወታደሮችን ሕክምናና ካሳ የሚመለከተው ፓክት አክት የተባለ ሕግ በአሜሪካ ተፈረመ። ከሚሸፍናቸው በሽታዎች መካከል ኮንስትሪክቲቭ ብሮንኪዮላይትስ በስሙ ተጠቅሷል። ከዚያ ወዲህ በዚያ አካባቢ ያገለገለ ወታደር በሽታው ካለበት ከአገልግሎቱ የመጣ እንደሆነ ይቆጠርለታል፤ የቱ ጭስ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት መጠን ብሎ እንዲያስረዳ አይጠየቅም። እሳቱ ከተነሣ 19 ዓመት አልፏል። ሕጉ የሚመለከተው የአሜሪካ ወታደሮችን ነው። በጤግሮስ ዳር አትክልት የሚያለማው ገበሬ፣ ያን አንድ ወር ሌሊቱን ዝቅ ብሎ የሚመጣውን አየር ከልጆቹ ጋር ሲተነፍስ ያደረው፣ በሕጉ ውስጥ የለም።